ጠበሉ የቀላ ዕለት

ዘንድሮ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ወደ ጠበሉ የወረድኩት በምርኩዝ ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ካለኝ ቆይቷል፤ ቁልቁለቱን አረፍ እያልኩ ጨረስኩት። ከፊቴ አንዲት ሴት ጠበል ተጠምቃ ባናዋን ደርባ ቆማለች። ባናው ርሷል። የረጠበ የበግ ፀጉር ሽታ ሲመጣብኝ እግሬ ቆመ። እኛ መንዞች ለዚህ ሽታ እንግዳ አይደለንም፤ በልጅነታችን ያሞቀን፣ ታመን በላብ ያራስነው፣ ሙታናችንን የሸፈንንበት ባና ሽታው ይኸው ነው። እኔን ግን ወደ አንድ ቀን ወሰደኝ። ያ ቀን ያለፈው እዚያው ቦታ፣ በዚሁ በዓል፣ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እንዳልረሳው ብዬ ሳይሆን ለማመስገን ብዬ እጽፈዋለሁ።

ዘመኑ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ነበር። ስንተኛው ዓመት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ አላውቅም። የማውቀው ኮንጎ ጫማ ለበዓል ብቻ ይወጣ እንደነበር፣ የቀየት ገበያ ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት አንድ ቴፕ እንደነበረው፣ አውቶቡስ ሲመጣ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ ያደርገው እንደነበር ነው። ወንዶቹ ጥቁር ባርኖስ ለብሰው፣ እኛ አበባ ያለው ሻሽ አስረን መቀነታችንን ጠበቅ አድርገን፣ ዘፈኑን የማንሰማ መስለን በዚያ ጥግ ቀስ ብለን እናልፍ ነበር። ጨው በጣሳ ተሰፍሮ በሳንቲም ይገዛል። ቁራጭ ሳሙና ለሁለት ጎረቤት በክር ይከፈላል። እህሉ በአቁማዳ፣ ቅቤው በቅል ነው፤ ፌስታል የሚባል ነገር ገና ወደ እኛ አልደረሰም። ከቤታችን የሚወጣው አመድ፣ አጥንትና የገብስ ገለባ ነው። አመዱን ማሳው ይወስዳል፣ አጥንቱን ውሻ፣ ገለባውን ከብት። ጥለነው የማይጠፋ ነገር አይተን አናውቅም ነበር። ዛሬ በጎቻችንን ስናርድ ከሆዳቸው የተጠቀለለ ፌስታል እናወጣለን። ቀየት ላይ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ ጥቁር ነው፤ ሽታው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይገባል። ውርጩም ቢሆን እንደ ድሮው በወሩ አይመጣም። ያኔ ግን ይህን ሁሉ ብትነግሩን እንስቅባችሁ ነበር።

ባዩሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። ቤቷ ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ጓሳው የሚጀምርበት ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። ባሏ ባና ይሠራል፤ እሷ ፀጉሩን አጥባ፣ ነድፋ፣ ፈትላ ታቀርብለታለች። ረጅም ሴት ናት። ሳቋ ከቤቷ ቀድሞ ይደርሳል። ያን ጊዜ ባና ማለት ጥቁርና ነጭ ነው፤ በጉ የለበሰውን እኛም እንለብሳለን። አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ ቀለም በቆርቆሮ ይዞ መጣ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ዱቄት። ከተማ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ምንጣፍ ይፈልጋሉ አለ። ግድግዳ ባና ለብሶ ምን ይሆናል ብለን ብዙ ሳቅን። ባዩሽ ግን ጎበዝ ናት፤ በግማሽ በርሜል ውኃ እያፈላች፣ ጨውና አቼቶ ጨምራ መንከር ጀመረች። በአጥሯ እሾህ ላይ ቀይ ፀጉር ተሰጥቶ ያየነው ያኔ ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሊያይ ይሄዳል። እኔም ልጄን አዝዬ ሄጄ አይቻለሁ። ያምራል። በእውነት ያምር ነበር።

በርሜሉ ውስጥ የሚተርፈው ቀለም ነው ያስቸገራት። መጀመሪያ አጥሯ ሥር ደፋችው፤ ሣሩ አረረ፣ ከዚያ የጫረች ዶሮዋ ሞተች። ወደ ወንዙ ልትወስደው ስትል አማቷ «ከብት የሚጠጣውን ውኃ? አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል?» ብለው መለሷት። እሷም ልብ ያላት ሰው ናትና እሺ አለች። ከቤቷ በላይ፣ ሜዳው መሐል፣ ውኃ በል የምንለው የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ። ክረምት የሜዳው ጎርፍ ሁሉ እዚያ ገብቶ ይጠፋል። አይሞላም፤ ወዴት እንደሚሄድም ማንም ጠይቆ አያውቅም። ባዩሽ ቀለሙን በእንስራ እየተሸከመች ዳገቱን ወጥታ እዚያ መድፋት ጀመረች። ማንንም እንዳይጎዳ ብላ ነው የደከመችው።

በዚያው ሰሞን እኔ ጠበሉ አጠገብ ሰንብቼ ነበር። ልጄ ጽጌ ጡት ከተወች ወዲህ አልሆንላት ብሎ ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ አበጠ፣ ፀጉሯ ሳስቶ ዳማ ሆነ። መሄድ ጀምራ ነበር፤ ተወችው። ስጡኝ አትልም፣ ውሰዱብኝ አትልም። አልቅሳ ብትለምነኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ወስደናት መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ለውጥ አላየሁም። ከዚያ ባለቤቴ ከታላላቆቿ ጋር ቤት ቀረ፣ እኔ እሷን ይዤ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወረድኩ። ጠበሉ ከገደሉ ሥር በእንጨት አሸንዳ ይወርዳል። ከሥሩ ኩሬ አለ፣ ዙሪያው ቄጠማ ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። ጽጌ ምንም ባታወራም እነሱ ሲጮሁ ዓይኗን ወደ ኩሬው ታዞር ነበር። እኔ ያችን የዓይኗን መዞር ነበር የምጠብቀው።

በዓሉ ሲቃረብ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ ሞተው ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጦ አገኘናቸው። ድንጋዩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ የውኃ ሽበት ጠቆረ፣ ቄጠማውም ጫፉ ቢጫ ሆነ። የሞቱትን በእንጨት እያወጣን «ውርጭ ነው» ተባባልን። አብረውኝ የሚሰነብቱ እማማ የሺ የሚባሉ ባልቴት ደግሞ፣ «ለበዓሏ ቤቷን እያጸዳች ነው» አሉ። አመንናቸው። እኔም አመንኩ። ውኃው ገና ነጭ ነበርና ሌላ ነገር ለማሰብ ምክንያት አልነበረንም።

የበዓሉ ዕለት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ወደ ጠበሉ ወረደ። መምሬ ኃይሉ፣ የደብሩ አገልጋይ፣ መስቀላቸውን ይዘው ጸሎቱን ጀመሩ። ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ ፈካ ያለ ቀይ መሰለኝ፤ የፀሐዩ ነው አልኩ። ከዚያ ደመቀ። ከዚያ ቀላ። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ከሥሩ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስከ ጫፉ ቀላ። አንድ ሰው «የልጇ ደም!» ብሎ ጮኸ። እልልታው ገደሉን ናጠው። ሰው በግንባሩ ተደፋ። ግማሹ ነጠላውን እየነከረ ይጨምቃል፣ ግማሹ በቅል ይቀዳል። እኔ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ለሌላ አልመሰለኝም። ለጽጌ የመጣ መሰለኝ።

እማማ የሺ እጄን ያዙ። «የታመመች ልጅ ይዛለች፣ አሳልፏት! አሳልፏት እንጂ!» ሰው መንገድ ከፈተልኝ። አንዱ ጣሳ ሞልቶ ሰጠኝ። ጽጌን በጉልበቴ አድርጌ አንገቷን ደገፍኩና ጣሳውን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ከንፈሯ ጣሳውን ሲነካ ከላይ ጩኸት ሰማሁ።

«አታጠጫት! የጽጌ እናት፣ በኪዳነ ምሕረት! አታጠጫት!»

ባዩሽ ናት። ቀይ ውኃ ሲወርድ ከላይ አይታ ቁልቁለቱን ስትሮጥ ነጠላዋ እሾህ ላይ ቀርቷል። ሰው መሐል እየገፋች ገባች።

«የኔ ቀለም ነው! የደፋሁት ነው!»

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ አንድ ሰው።

«ቀለም! የባና ቀለም!»

«ጠላ ቀምሳ ነው የመጣችው፣ ተዋት» አለ ሌላው። ሰው ሳቀ።

«ጠላማ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?» አለች ባዩሽ እያለከለከች።

እማማ የሺ ግን አልሳቁም። «እመቤታችን የሰጠችንን አንቺ ልትነጥቂን ነው? ቀናሽ?» አሉና ምራቃቸውን ተፉ።

ባዩሽ መምሬ እግር ሥር ተንበረከከች። «ይፍቱኝ አባቴ። እጄን ይዩት።» ሁለት እጇን ዘረጋች። እስከ አንጓዋ ቀይ ነው፤ ጥፍሯ ሥር ጠቁሯል። ያቺን ነጠላዋ የቀላባትን ሴት ጠርታ፣ የነጠላውን ጫፍ ከመዳፏ ጎን አደረገችው። አንድ ቀለም ነው። እልልታው ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«የት ደፋሽው ልጄ?» አሏት መምሬ።

«ውኃ በል።»

«ውኃ በል የገባማ ጠፋ ማለት ነው!» አለ ያ ጠላ ቀምሳለች ያለው ሰው።

«እኔስ ምን ብዬ የደፋሁት ይመስልሃል?»

ሁላችንም ወደ ገደሉ ቀና አልን። ገደሉ ላይ ሜዳው ነው፤ ሜዳው ላይ ውኃ በል። ያን ያህል ቅርብ መሆኑን አስተውለነው አናውቅም ነበር።

«ተአምሩ በቀለሙ አድሮ ቢሆንስ መምሬ? ለእመቤታችን ምን ይሳናታል?» አሉ እማማ የሺ። ድምፃቸው ለስልሷል።

መምሬ ባዩሽን ጠየቋት። «ይጎዳል?»

«ዶሮዬን ገድሎብኛል አባቴ።»

መምሬ ኩሬውን አዩት። ዳር ላይ ያወጣናቸው እንቁራሪቶች እንደተከመሩ ነበሩ። ከዚያ መስቀላቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው፣ አሸንዳውን በገዛ እጃቸው ወደ ጎን አዞሩት። ውኃው ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። እጀ ጠባባቸው እስከ ክርናቸው ቀላ። «ዛሬ ማንም አይጠጣም። የቀዳችሁትንም አትጠጡት» አሉ።

«ጠበል ይዘጋል እንዴ? የት አገር ነው እንዲህ ያለ?»

«እመቤታችን አልዘጋችብንም። እኛ አቆሸሽነው። እስኪጠራ ነው።»

«እስከ መቼ መምሬ?»

«እንቁራሪቶቹ እስኪመለሱ።»

«በሉ እንግዲህ፣ እንቁራሪት ተሾመብን!» አለ አንዱ ከኋላ። የሳቀ ጥቂት ሰው ነው። መምሬም ፈገግ አሉ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ ነበርኩ። ባዩሽን ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ዋሸች ብዬ አይደለም። ከዚያች ጣሳ ውስጥ ልጄ ድና ስትሮጥ አይቼ ነበር፤ እሷ መጥታ ባዶ አደረገችብኝ። ልደፋው ጎንበስ አልኩና እጄ ቆመ። መሬቱ ላይ ብደፋው ወዴት ይሄዳል?

«የት ልድፋው?» አልኳት።

ባዩሽ ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ፣ እንዳይፈስ በሁለት እጇ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ቤቷ ወስዳ በርሜሉ ውስጥ መልሳ እንደጨመረችው በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ጠበል የለም፣ ልጄም እየከሳች ነው። በአንድ ማለዳ ባዩሽ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ጎጆዬ በር ላይ ቆመች። በራቤል በኩል፣ ገደል ወርዶ ገደል የሚያወጣ መንገድ፣ ሌላ ጠበል አለ። ከዚያ ቀድታ መምጣቷ ነው። «ይኸኛው ንጹሕ ነው። ከላዩ ሰው የለም፤ ወጥቼ አይቻለሁ» አለችኝ። ጀሪካኑን አስቀምጣ ጽጌን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።»

«ሄጃለሁ እኮ።»

«ደግመሽ ሂጂ። ጠበሉም ይጠጣ፣ ሽሮፑም ይዋጥ። የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ መምሬን ጠይቄያለሁ።»

«ደክሞኛል ባዩሽ።»

«አንቺ ደክሞሽ ከሆነ እኔ ልዘላት። በይ ተነሺ እቴ፣ አትገትሪኝ።»

ቀየት ድረስ ተራ በተራ አዘልናት። ነርሱ መድኃኒት ሰጠን፤ ውኃ አፍልታችሁ አጠጧት፣ እንቁላልና ወተት ስጧት አለን። ጾም ነበር፤ መምሬ «ሕፃን አይጾምም» ብለው የቤታቸውን እንቁላል በእንቅብ ላኩልኝ። የጽጌ እግር እብጠት ቀስ እያለ ጎደለ። ባዩሽ ጠበሉን ማምጣቷን አልተወችም። መንገድ ላይ ሰላም የማይሏት ሰዎች ነበሩ። ተአምር የቀማችን ይሏታል። ሰምታ ጀሪካኗን አዝላ ታልፋለች። ቀለሙን ግን ተወችው። ያልተከፈቱትን ቆርቆሮዎች ነጋዴው ሲመጣ መለሰችለት፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረውንም ጭኖ እንዲወስድ አደረገችው። ባሏ ወደ ጥቁርና ነጩ ተመለሰ። ነጋዴውም ወደ ሌላ መንደር ሄደ፤ እዚያ የት እንደደፉት እግዚአብሔር ይወቅ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ወንዶቹን ሰብስበው ውኃ በል ዙሪያ ካብ አስካቡ። ድንጋይ እያቀበሉ ሳለ ያ ባዩሽን ጠላ ቀምሳለች ያለው ሰው ሥራውን አቆመ። «እኔም በጎቼን ያጠብኩበትን የቅማል መድኃኒት እዚህ እደፋ ነበር» አለ። ሌላው የሞተ ውሻ ጥሎበታል። ሌላዋ ያረጀ መድኃኒት። ሁሉም የጠፋ መስሎት ነበር። መምሬ ማንንም አልገሠጹም፤ «ካቡን ከፍ አድርጉት» ብቻ አሉ። ካቡ ዛሬም አለ፤ ከፊሉ ፈርሷል። ዘንድሮ ከጠበሉ ሥር ያየሁት የውኃ ፕላስቲክ ክምር ግን ከካቡ ከፍ ያለ ነው። ወጣቶቹን አልወቅስም። እነሱም እንደኛው የሚጠፋ መስሏቸው ነው። የሚነግራቸው ሰው እንደሚያስፈልግ ግን አውቃለሁ፤ ለኛ ሮጣ የመጣች ሰው ነበረችን።

የበልግ ዝናብ ዘነበ። ጎርፉ በውኃ በል ገብቶ ጠበሉን ደጋግሞ አጠበው። ቀይነቱ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ነጭ ሄደ። መምሬ ግን አልከፈቱም። በየጠዋቱ ወርደው ኩሬው ዳር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የውኃ ላይ ትንኞች ተመለሱ። ከዚያ ወፎች ትንኞቹን ተከትለው መጡ። ቄጠማው ከሥሩ አዲስ አቆጠቆጠ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ዲያቆኑ እየሮጠ ወጥቶ «አንዱ ጮኸ! መምሬ ሰምተውታል!» አለን። ስለ አንድ እንቁራሪት እልል ያልነው ያኔ ብቻ ነው።

ለግንቦት ልደታ ሕዝቡ ወረደ። መምሬ ጸልየው አሸንዳውን ወደ ቦታው መለሱት። ውኃው እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ወረደ። ጣሳውን ሞልተው ወደ ሕዝቡ ዘረጉት። ማንም አልቀረበም። ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። ለበዓሉ ቀድሞ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ከኋላ ቆሟል። እማማ የሺ እንኳ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

ባዩሽ ወጣች። ጫማዋን አወለቀች። «እኔ ነኝ ያቆሸሽኩት፤ እኔ ልቅደም» አለች። ጣሳውን ተቀብላ አማተበችና እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ እዚያው ቆመች፤ እኛም ቆመን እናያታለን።

«ምን ትጠብቃላችሁ? እንድወድቅላችሁ ነው?» አለች።

ሳቁ ከመውጣቱ በፊት ከጀርባዬ ድምፅ ሰማሁ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ልመናዋ ነው።

«እኔስ?» አለች ጽጌ።

አወረድኳት። እግሯ መሬቱን ነካና ቆመ። ነጠላዬን ይዛ አንዴ ተወዛወዘች፣ ከዚያ ለቀቀችኝ። ባዩሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። መምሬ ጣሳውን እስከ ግማሽ ሞልተው ጎንበስ አሉላት። ልጄ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

እኔ አልያዝኩላትም።